ሰባት ቋጠሮ ውሃ

«ሰባት! ሰባት ረጥቧል! ወላሂ ሰባት!»

የምትጮኸው እናቴ ናት። የጉድጓዱን ገመድ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ከጓሮ ወደ ደጅ ስትሮጥ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ተበተነ። የማስረውን የዕቃ ጠፍር ጥዬ ተቀበልኳት። ቋጠሮዎቹን በጣቶቼ አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ሰባተኛው ይንጠባጠባል፤ ስምንተኛው ደረቅ ነው። አላመንኩም፤ ከታች ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ። ሰባት ነው።

ይህን የምጽፈው በዚያው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት ነው። ስቸኩል ፊደሎቼ ተንጋደዋል። ይንጋደዱ! ደስ ብሎኛል።

አባቴ መራጊ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እሱ ያልመረገው ግድግዳ ቢፈለግ ጥቂት ነው። ጉድጓዳችንን የቆፈረው የአባቴ አባት ነው፤ አባቴ ደግሞ በየዓመቱ፣ በጋው ከርሮ ውሃው ሲሸሽ፣ የዋልካ ጭቃ አቡክቶ ይወርድና የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይለስነዋል። አሸዋ እንዳይረግፍ፣ ውሃውም እንዳይደፈርስ ነው። «የሌላው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ የእኔ የሙሽራ ቤት ነው» ይላል። ልስኑን ለማየት ብቻ አንገቱን የሚያሰግግ እንግዳም ነበር።

ነገር ግን ውሃው ከዓመት ዓመት ቀነሰ። በገመዱ ላይ በየስንዝሩ ቋጠሮ አለ። ልጅ ሳለሁ ስምንት ይረጥብ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ሆነ።

«አርጅቷል» አለ አባቴ። «ጉድጓድም ያረጃል። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሰኞ፣ ካሚዮን ይመጣል፤ ዕቃችንን ጭነን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አክስቴ ዘንድ እንገባለን። ይሄን ጉድጓድ አፈር እሞላዋለሁ፤ ልጅ እንዳይገባበት።»

እናቴ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ይዛ ወጣችና በርበሬዋን አጠጣች። ያን በርበሬ ከችግኝነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለእሷ ስል ይሁን ለራሴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም።

በዚሁ መሀል የእናቴ ወንድም መጣ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ዘንድሮ ድንጋይ ለሚመረምር አንድ ፈረንጅ ዕቃ እየተሸከመ ቆላ ለቆላ ከርሟል። ፈረንጁ የሚፈልገው ጋዝ ነው፤ ያው ኩራዝ ላይ የሚነደው ላምባ።

«አገኘ?» አለችው እናቴ።

«ድንጋይ አገኘ። ወገቤ ይመስክር፣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።» ከጋቢው ውስጥ ቡጢ የሚያህል ሸካራ ድንጋይ አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ጋዝ መሬት ውስጥ እንደ ሐይቅ የተኛ ይመስልሻል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። እዪ።»

ጣቱን ውሃ ነክሮ ጠብ አደረገበት። ድንጋዩ ጠጣው። ሌላም ጠብ አደረገ፤ ያንንም ጠጣው።

«በሀገራቸው ያረጁ የጋዝ ጉድጓዶች አሉ አሉ። ሰዉ አለቀ ብሎ ይተዋቸዋል። የእኛ ፈረንጅ ሥራው እነሱን ማጥናት ነበር። ብዙው ጋዝ ገና ድንጋዩ ውስጥ ነው ይላል። አንዳንዴማ መውጫውን የሚደፍነው፣ ሲቆፍሩ የተጠቀሙበት ጭቃ ራሱ ነው።»

«ጭቃ?» አልኩ።

«ጭቃ፣ የኔ እናት። ምነው ደነገጥሽ?»

ወሬው ወደ ሌላ ሄደ፤ እኔ ግን ድንጋዩን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ካቦካው ዋልካ ቆንጥሬ የድንጋዩን ግማሽ በአውራ ጣቴ ለሰንኩት። ከዚያ ውሃ ጠብ አደረግሁ። ባዶው ጎን ጠጣ። በተለሰነው ጎን ግን ጠብታዋ ድብልብል ብላ ቆመች፤ ቀጥላም ወደ እጅጌዬ ተንከባለለች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የእናቴን መስታወት ወስጄ ፀሐይዋን ወደ ጉድጓዱ አወረድኩ። ልስኑ ከታች በኩል በአንድ ቦታ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ሌላው ሁሉ ደረቅ! ሰባት ቀን ሙሉ፣ ጧትና ማታ ገመድ እያወረድኩ የረጠበውን ቋጠሮ በስኳር ወረቀት ላይ በከሰል ጻፍኩ። ሳንቀዳ ብናድርም ውሃው ከግማሽ ቋጠሮ በላይ አይጨምርም።

ለመራጊ «ምርጊትዎ ጉድጓዱን አፈነው» የምትል ልጅ እስቲ ትውጣ! ድንጋዩን ብቻ ለአባቴ ሰጠሁት።

የተለሰነውን ጎን ዳሰሰው። «ማን ለሰነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ስበሻል። ወደ ታች ነው።»

«እሺ። አሁን ውሃ ጠብ ያድርጉበት።»

አደረገ። አራት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ወጣ፤ የተቆጣ መሰለኝ። ሲመለስ ወገቡ ላይ ገመድ፣ እጁ ላይ ዶማ ነበር።

«አንድ ክንድ ብቻ እፍቃለሁ» አለ። ሐሙስ ነበር።

ምርጊቱ ጥፍጥፍ እየሆነ ወጣ። ድርብርብ ነው፤ እያንዳንዱ ድርብ የአንድ ዓመት ሥራው። አንዱን አንስቶ ከታች ጮኸ፦ «ይቺ አንቺ የተወለድሽበት ዓመት ናት!» ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። በተፋቀው ቦታ አሸዋው እንዳይናድ ያለ ጭቃ ድንጋይ ካበበት፤ እሱ፣ ያለ ጭቃ!

ዓርብ ውሃው ደፈረሰ፤ ሁለት ቋጠሮ። ቅዳሜም ያው ሁለት። ጎረቤታችን እንስራዋን አስቀምጣ ሳቀች፦ «የመራጊ ልጅ ምርጊት አስፈርሳ ጭቃ ታጠጣን ጀመር!»

«አብሽሪ፣ እትዬ፣ ይጠራል» አልኳት፤ እኔ ግን አላረፍኩም። ከጉድጓዱ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጉድጓዱ። እናቴ ዕቃ እያሰረች፣ «ገመዱን በማውረድ ብዛት ውሃውን ልትጨርሺው ነው» አለችኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ሆነ። ለአባቴ ሦስት ጣት አሳየሁት። ጣቶቼን አየ፤ የታሰረውን ዕቃ አየ። «ቢስሚላህ» ብሎ ወረደና እስኪመሽ ድረስ ዙሪያውን አንድም ሳያስቀር ፋቀው።

ሰኞ ጧት የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ካሚዮኑ መጥቶ ጡሩንባውን ሲነፋ አባቴ ወጣና ሾፌሩን፣ «የምንጭነው የለም። ውረድና ውሃ ጠጣ» አለው። እናቴ ጣሳውን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ጎረቤታችን ሁለት እንስራ ይዛ መጣች።

አሁን አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ማንበብ ባይችልም፣ የምጽፍበትን ከሰል ያያል። «ጻፊው» ይላል። «በደሴም በኮምቦልቻም ግድግዳ ከመረግሁላቸው ሰዎች መሀል፣ ጉድጓዴን አይተው ጉድጓዳቸውን የለሰኑ አሉ። ውሃው የሸሸበት ሁሉ አፈር ሳይሞላበት ይምጣና የእኛን ይይ። አብሬው ሄጄ በእጄ እፍቅለታለሁ።»

እንግዲህ መልእክቱን አድርሻለሁ። ኑ። በየስንዝሩ የተቋጠረ ገመድ ይዛችሁ ኑ፤ አቆጣጠሩን እኔ አሳያችኋለሁ። ጭቃ ግን እንዳታመጡ።