ጋሽ ሠረቀብርሃን መጻፍ ያቃታቸው ቃል

ጋሽ ሠረቀብርሃን ዲላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቦታቸው ግብር ቢሮው አጥር ሥር ነበር፤ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። እኔ ፊት ለፊታቸው ኮፒ ቤት ስከፍት ደንበኛ ቀማሽኝ ብለው የሚጣሉኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ «ሀኒ፣ እኔ አስባለሁ፣ አንቺ ትተይቢያለሽ» አሉኝና ተስማማን። ጉረኛ ናቸው። ጉራቸው ግን ያምርባቸዋል፤ ያምርባቸው ነበር ልበል።

የቡናው ምርት ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲያንስ ከኮንጋና ከፍስሐ ገነት የሚመጣው ገበሬ መግዛት ተወ። ገበሬው ካልገዛ ከተማው ምን ይበላል? ልብስ ቤቱም ጫማ ቤቱም ንግድ ፈቃዱን ለመመለስ እሳቸው ጠረጴዛ ፊት ተሰለፈ። ሰው ግን ከሰርኩ ማለት አይወድም። አንዱ «ገበያው ቀዘቀዘ» ይላል፣ ሌላው «ትንሽ ላላ»፣ ሌላው «ሥራ ልቀይር አስቤ ነው»። ጋሽ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ይቆጣሉ።

«ይሄ የሠርግ ቤት ጨዋታ አይደለም! ከስሬ ዘግቻለሁ ካላልክ ፈቃድህ አይዘጋም። ፈቃድህ ካልተዘጋ ደግሞ ሱቅህ ባይኖርም ግብሩ ይቆጠርብሃል።»

ያላስለፋቸው የኮንጋው በፍቃዱ ብቻ ነው። እዚህ ዲላ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው። «ሱቁ ሞታለች ጋሼ፣ ሞታለች ብለህ ጻፍ» አላቸው። ስቀው «ከስሬ ዘግቻለሁ» ብለው ጻፉለት። በሳምንቱ ጉዳዩ አለቀለትና ወደ እንሰቱና ወደ ቡናው ተመለሰ።

ከዚያ የገዛ ባለቤታቸው ተራ ደረሰ። እትዬ ፍሬ ገበያው መግቢያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብርድ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም ሸጠዋል። በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ባላቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «አበቃ፣ ዝጋልኝ» አሉ። ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም።

ጋሽ ሠረቀብርሃን እኔ ጋ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። «ከስሬ» ብዬ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፣ አጥፊው።» ጣራ ጣራውን አዩ። የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ቢሮው ውስጥ የማያውቃቸው የለም። «የሠረቀብርሃን ሚስት ከሰረች እየተባለ ከቢሮ ቢሮ ይዙር? አይሆንም። እንዲህ በይ፦ በገበያው መቀዛቀዝ ምክንያት ሥራዬን ለጊዜው ገታ ያደረግሁ መሆኑ እንዲታወቅልኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ መዝጊያ አይደለም እኮ» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ? እነሱ ይገባቸዋል። ያውቁኛል።»

ጻፍኩት። ዛሬ የምናደደው በእሳቸው ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው። ታላቅን እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ጻፍኩት። እትዬ ፍሬ ሳያነብቡ ፈረሙ፤ ማመልከቻ በመጻፍ የታወቀ ባል እያላቸው ምን ብለው ያነብባሉ? ቢሮውም ተቀብሎ ማኅተም መታበትና ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። እዚያ የተሳሳተ ሰው የለም። ሥራዋን ለጊዜው የገታች ነጋዴ ፈቃዷ እንዳለ ይቆያል፤ ግብሩም እንዳለ ይቆያል።

እትዬ ፍሬ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ቤታቸው ተቀመጡ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ደግሞ «ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ» ሲሉኝ ከረሙ። ለማስተካከል ግን ያቺን ቃል መጻፍ ነበረባቸው፤ ቃሏን ሲያስቡ እግራቸው አይሄድም። በሦስተኛው ዓመት ወረቀት መጣ። የሌለ ሱቅ ግብር፣ ከነቅጣቱ፣ ከነወለዱ። ይግባኝ ጻፉ፤ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ከእጃቸው ወጥቶ አላውቅም። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። የሚሸጥ ነገር ቢፈለግ ቤታቸው ብቻ ነበርና ተሸጠ።

የሽያጩ ውል የተፈረመ ዕለት ኮፒ ለማስነሳት ሁለቱም እኔ ቤት መጡ። ዝናቡ ያወርደዋል፤ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ወረቀቶቹን እየለየሁ ሳቀብላቸው ያ ማመልከቻ እትዬ ፍሬ እጅ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት። ቀስ ብለው፣ እስከ ፊርማቸው ድረስ።

«ለምን?» አሉ።

«ከሰው አፍ ላድንሽ ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን። ድምፃቸው በደንብ አይሰማም።

«እኔ እኮ በመክሰሬ አላፈርኩም ነበር» አሉ እትዬ ፍሬ። «ያፈርክብኝ አንተ ነህ።»

ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ፤ ባጃጁ እሳቸውን ብቻ ይዞ ሄደ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ኮፒውን እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። የት እንደሚያድሩ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም።