ቆርቆሮ ወይስ መስታወት

አሶሳ በገባን በጥቂት ወራት ውስጥ የመኝታ ቤታችን መስኮት ወደቀ። ጠዋት ልከፍተው ገፋ ሳደርገው መቃኑ እጄ ላይ ተፈረፈረና መዝጊያው ወደ ውጭ ሄደ። ምስጥ ውስጡን በልቶ ጨርሶት ኖሯል፤ ከላይ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። በተከፈተው ቦታ ትልቅ ሰው ያለ ችግር ይገባል።

ባለቤቴ ቀያሽ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበርና ያልተለካ መንገድ ሞልቶ ስለነበር ወደ ጉባ ከወረደ ሰንብቷል። እኔ ከወሎ የመጣሁ፣ ዘመድ በአቅራቢያዬ የሌለኝ፣ ገና ቆሞ መሄድ ያልጀመረ ልጅ የታቀፍኩ ሴት ነበርኩ። ወሬ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል። አንዱ በሆሞሻ በኩል የታጠቁ ሰዎች ታዩ ይላል፤ ሌላው ያየው ዘመዱ እንደሆነ ይምላል። በቤታችን የፊት ግድግዳ ላይ መንግሥት በተለወጠበት ጦርነት ጊዜ የገቡ ጥይቶች ቀዳዳ ነበር። አከራያችን በጭቃ ደፍነውታል፤ እኔ ግን የእያንዳንዱን ቦታ አውቀዋለሁ።

አናጢው መጥቶ ለካ።

"ቆርቆሮ ይሁን መስታወት?" አለኝ። "መስታወት ከፈለግሽ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ቆርቆሮ ዛሬውኑ ይደርሳል።"

"ቆርቆሮ።"

"መክፈቻውን በየት በኩል ላድርገው?"

"መክፈቻ አልፈልግም። ዝም ብለህ ምታው።"

"ሙቀቱ ሲመጣ ትቸገሪያለሽ፣ እህቴ።"

"ግድ የለም፣ ምታው።"

የሳሎኑም መስኮት መቃኑ ስለተበላ እሱንም አስመታሁት። ከዚያ በኋላ ብርሃን የሚገባን በበሩ ብቻ ሆነ። እሱንም ቢሆን ቀን ሳይቀር እቆልፈው ጀመር።

ከቀርከሃው አጥር ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። አማርኛን በትልቅነቷ ገበያ ላይ ስለለመደችው ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የምትለው። ወጥታ ግድግዳዬን አየችና "ሹባክ የት ሄደ?" አለችኝ። መስኮቱን ማለቷ ነው።

"ዘጋሁት።"

"ለምን ዘጋህ?"

"እፈራለሁ።"

"ማንን ትፈራለህ?"

ማንን እንደምፈራ ልነግራት ብፈልግ አንድም ስም አልመጣልኝም።

ሚያዝያ ገባ። ቆርቆሮው ጣሪያም መስኮትም ሆኖ ቤቱን እንደ ምጣድ አጋለው። አንድ ቅዳሜ ልጄ ሲነጫነጭ አደረና ረፋዱ ላይ ሰውነቱ ተኮሰ። ወደ ጤና ጣቢያ ልወስደው ነጠላዬን ስፈልግ ከገበያው አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። በሩን ቆለፍኩት፣ ወንበር ደገፍኩበት፣ ልጄን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ተኩሱ ሲበርድ እወጣለሁ ብዬ ነው። ጨለማው ውስጥ ያራሰን ላቡ ይሁን ላቤ ሳላውቅ እየጠበቅኩ ሳለ ልጄ ድንገት ደረቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሞተ መሰለኝ። ጮህኩ።

ወዲያው መስኮቱ ተደበደበ። ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ ነው የሚጮኸው። ከውጭ የወንድ ድምፅ አለ፣ ከአንድም በላይ፤ የሚሉት ግን አይለይም። መጡ አልኩ። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ድብደባው ወደ በሩ ዞረ።

"ክፈት! ያንተ ልጅ ምን ሆነ? ክፈት!"

እኔን "ክፈት" የሚለኝ በዚያ ሰፈር ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩን ጎትቼ በሩን ከፈትኩት። ጎረቤቴና ሁለት ወንድሞቿ ናቸው፤ ጩኸቴን ሰምተው ነው የመጡት። ልጁን ከእጄ ነጠቀችና ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር አስተኛችው። ልብሱን አወለቀች፤ እርጥብ ጨርቅ በላዩ ላይ እየቀያየረች በራሷ ቋንቋ ትጸልያለች። መንቀጥቀጡ ቆመ። ከቆመም በኋላ እስኪያለቅስ ድረስ የቆየው ጊዜ በሕይወቴ ከፈራሁት ሁሉ የከፋው ነው።

አንደኛው ወንድሟ ተሸክሞት ጤና ጣቢያ ሮጥን። ወባ ነበር። ልጄ ዳነ። ተኩሱ ምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ሰርግ ነው ያለም ነበር፣ ጅብ ሊያባርሩ ነው ያለም ነበር።

ባለቤቴ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ የነካው ቆርቆሮውን ነበር፤ እጁን አቃጠለው።

"መስታወት እናስገባለን፣ የሚከፈት" አለ።

"አንድ ድንጋይ ከተወረወረ እኮ አለቀ።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

ብዙ ቀን ተነጋገርንበት። እሱ አየርና ብርሃን ይላል፣ እኔ ድንጋይና ሰው እላለሁ። በመጨረሻ ከውጭ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያ ለወባ ትንኝ የሽቦ ወንፊት፣ ከውስጥ ደግሞ የሚከፈት መስታወት እንዲሆን ተስማማን። መስታወቱ በጭነት መኪና በፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ። አናጢው ቆርቆሮውን ሲነቅል ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝና ወደ ጓዳ ገባሁ። መጋረጃ ሳይሰቀል ወደ ሳሎን አልወጣም ብዬ ባለቤቴን አስቸገርኩት።

እሱ እንደገና ወደ መስክ በወጣ ሰሞን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች በአጥራችን አጠገብ ሲያልፉ በተከፈተው መስኮት አየኋቸው። አንዱ ተነጥሎ ወደ እኛ መጣ። ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋ፤ ገና ጢም የጀመረው ነው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"እትዬ፣ ውሃ ይኖርሻል?"

በጣሳ ቀድቼ በሩን በጠባቡ ከፍቼ ሰጠሁት። ጣሳው ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ ግማሹ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ ወደ ጓደኞቹም ሄደ።

በሩን ቆለፍኩ፣ መስታወቱንም ዘግቼ መወርወሪያውን ወረወርኩ። ጥቂት ቆይቶ ልጄ ሙቀቱ አስቸግሮት ማልቀስ ሲጀምር ተነሥቼ መስታወቱን ከፈትኩት።