የአጆራ ግማሽ መንገድ

የአጆራን ፏፏቴ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው ከሆሳዕና እስከ ሾኔ ቢፈለግ አይገኝም። ትናንት ከስንት ቀን ጥበቃ በኋላ የቧንቧ ውሃ መጥቶ ባዶው ሮቶ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "ልክ እንደ አጆራ!" ብዬ ጮህኩ።

ልጄ፣ "አባዬ ደግሞ፣ አጆራን መቼ አይተኸው ነው?" አለችኝ።

አይቼዋለሁ እንጂ! በደረቴ ተኝቼ፣ የዛፍ ሥር በሁለት እጄ ጨብጬ፣ በአንድ ዓይኔ፣ ምናልባት ለግማሽ ደቂቃ። ቢሆንም አይቼዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የጓደኛዬ አባት ወደ ሩቅ አገር ተዛውረው፣ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ ተለያይተን አናውቅም። እሱ አማርኛዬን ሲያርምልኝ፣ እኔ በሀዲይኛ መሳደብ አስተምሬዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ወደ አጆራ ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ "ከመሄዴ በፊት ፏፏቴው ሥር አብረን እንቆማለን። እጅ ለእጅ!" አለኝ።

"ካልወረድኩ ስሜን ለውጡት!" አልኩ።

አይሱዙው ላይ ቆመን ዶዮገናን አለፍን። ዝናብ የጠጣው አፈር ይሸታል፤ የእንሰቱ ቅጠል ፀሐይ እየመታው ያብረቀርቃል። የሐምበሪቾ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ታጥቆ ብቅ ሲል፣ "እሱንማ ቁርስ ሳልበላ ሮጬ ነው የምወጣው" አልኩ።

ጓደኛዬም፣ "አንተ? ዴስክ ላይ ስትወጣ እንኳ ራስህን ያዞርሃል!" ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው።

አጆራ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደሉ ራሳቸውን ይወረውራሉ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚሰማው። ከሥር የሚነሳው ጭጋግ አንድ ከተማ የሚቃጠል ያስመስላል። መንገድ የሚያሳየን የአካባቢው ገበሬ፣ "ልጆች፣ ወደ ታች አይታይም። እግር ብቻ ነው የሚታይ" አለን።

እኔ ወደ ታች አየሁ።

ግማሽ ላይ መንገዱ ጠቦ ጠቦ መዳፍ አከለ። ጓደኛዬ እጄን ይዞኝ ነበር። ከዚያ አልያዘኝም። ቀና ስል ጀርባውን ብቻ አየሁት፤ ከሌሎቹ ጋር ቋጥኙን ዞሮ ጠፋ። እኔ የዛፉን ሥር አቅፌ ቀረሁ። አንዲት ጉሬዛ ቅጠል እያኘከች ቁልቁል ታየኛለች፤ ለልጆቿ ልትነግርብኝ ያሰበች ትመስላለች። ከታች ሲጮሁ፣ ሲስቁ ይሰማኛል። ያቺን አንድ ሰዓት ሳወራት ሦስት ቀን አደርጋታለሁ። "እጅ ለእጅ" ያለኝ ሰው ያለ እኔ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉና በየለቅሶው ድንኳን፣ ለሚሰማኝ ሁሉ "ገደል ላይ ጥሎኝ ሄደ" ስል ኖሬአለሁ።

ከሁሉም ቀድሞ ተመልሶ መጣ። ጠጉሩ ይንጠባጠባል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በሃይላንድ የቀዳውን ውሃ ዘረጋልኝ።

"እንካ፣ ያንተ ድርሻ ነው። ከሥሩ የቀዳሁት ነው። እሱን ከነካህ አብረን ቆመናል ማለት ነው።"

ተቀበልኩት። ክዳኑን ከፈትኩና ዓይኑ እያየ አንድም ጠብታ ሳላስቀር ደፋሁት።

"ምነው? ምን አደረግኩህ?" አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ።

"ከሃዲ!" አልኩት።

ስንመለስ ልጆቹ እርጥብ ሱሪዬን አይተው፣ "እሱም ወርዷል!" ብለው አጨበጨቡልኝ። አለመውረዴን የሚያውቅ አንድ እሱ ነበር። በአንድ ቃል መሳቂያ ሊያደርገኝ ሲችል፣ እስከ ሆሳዕና ድረስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ዝም አለ። በሳምንቱ ሲሄዱ ልሸኘው አልወጣሁም። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ አልመለስኩለትም።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። እጄን የለቀቀው፣ "ሂድ፣ ጫማዬን አስሬ እደርስብሃለሁ" ስላልኩት ነው። እንዲሄድልኝ የፈለግኩትም እንዳያየኝ ነው። ውሃውን የደፋሁት ደግሞ ተቆጥቼ አይደለም፤ የደፋሁትም መሬት ላይ ሳይሆን ጭኔ ላይ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።