አባቴን ፊት ለፊት መሣል

ሥዕል መማር የጀመርኩት ዝናብ አስገድዶኝ ነው። መቱ ውስጥ ዝናብ የማያስገድደው ነገር የለም። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ጥላዬን ረስቼ፣ ባጃጅም አጥቼ፣ ከገበያው በላይ ካለ አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። የበረንዳው ባለቤት ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ነበሩ፤ የምንተዋወቀው በዓይን ብቻ ነው። ጉልበታቸው ላይ ካርቶን አስደግፈው ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ዋንዛ ይሥላሉ። ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ዋንዛዋ ወደ መንገዱ ዘመም ብላለች። ቀና ብዬ ዛፏን አየሁ፤ እውነትም ዘምማለች። የመጀመሪያ ልጄ ሳይወለድ ጀምሮ በሥሯ ስመላለስ ይህን አላውቅም ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሜ ቀረሁ።

«ካማረሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አርባን ተሻግሬ እርሳስ መቅረጽ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ከጡረታ በፊት ሠዓሊ ልትሆኚ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። ሳቁ እልህ ውስጥ ከተተኝ እንጂ አላስቆመኝም።

ጋሼ የምላቸው መምህሬ መጀመሪያ ያስቀመጡልኝ ቢጫ ጀሪካን ነበር። በቀን ስንቴ የማነሳውን ጀሪካን መሣል ምን ይከብዳል ብዬ አፉን ክብ፣ ሥሩን ቀጥ አድርጌ አስረከብኳቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አይተው ፈገግ አሉ።

«ኢላሊ» አሉኝ፤ ተመልከቺ ማለታቸው ነው። ሲቆጡም ሲያደንቁም ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። «ይሄ አንቺ የምታውቂው ጀሪካን ነው። እዚያ የተቀመጠው ሌላ ነው።»

እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። እርሳሱን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ግን ተናድጄም ቢሆን አየሁት። አፉ ክብ አልነበረም፤ ከተቀመጥኩበት ሲታይ ጠፍጠፍ ብሎ እንቁላል አክሏል። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ግድግዳው ነው። በኖራ የተቀባው ነጭ ግድግዳ ከጀሪካኑ አጠገብ ነጭ አልነበረም፤ ቢጫው ፈሶበታል። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይቀባው፣ እንዲሁ ብርሃኑ ተሸክሞት ሄዷል። ዓይኔን አሻሸሁ። በቤቴም፣ በየጎረቤቱም ግድግዳ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሆን የኖረ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበረኝም። በስብሰባ ላይ የአለቃዬን ጆሮ ሳይ የተናገረው ሁሉ አለፈኝ። ጆሮ እንደዚያ የሚጠማዘዝ፣ ውስጡ ሌላ ትንሽ ጆሮ የያዘ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል? እግዚአብሔር ለአንድ ጆሮ ይህን ያህል መጨነቁ አስደነቀኝ፤ ደግሞም ለሁሉም ሰው ሁለት ሁለት። ክረምቱን ወረቀቶቼ እርጥበት እየሳቡ ስላስቸገሩኝ ከፍራሽ ሥር አስቀምጣቸው ጀመር። ባለቤቴ ሲገላበጥ ስለሚንኮሻኮሹበት መሳቁን ትቶ ማጉረምረም ያዘ።

እጄ ትንሽ ሲፍታታ አባቴን መሣል አማረኝ።

አባቴ ጎሬ ነው የሚኖረው፣ ከታናሽ እህቱ ከአክስቴ ጋር። ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የጨረሰ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ለምእመናን መጽሐፍ የሚያነበው አሁንም እሱ ነው። እኔ ደግሞ ጴንጤ አግብቼ ከባለቤቴ ጋር ወደ እሱ ጸሎት ቤት ሄድኩ። ያን ጊዜ አባቴ አልጮኸም፣ አልረገመኝም። እንዲያውም ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረም። በሚኒባስ ስመጣ ይቀበለኛል፣ ልጆቼን ይመርቃል፣ ከዚያ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ውጭ እያየን ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው እናወራለን። በመካከላችን የቀረችው ያቺ አግዳሚ ነበረች፤ እሷንም እንዳላጣ እፈራ ነበር።

እናም እንደተቀመጠ ከጎኑ ሣልኩት። ጋሼም ለጀማሪ የጎን ፊት ይቀላል ብለውኝ ነበር። ግንባሩ፣ ሰልካካ አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ሁሉም ገባልኝ። በዚያ ቀን ከእጄ የወጣውን ነገር ራሴም ማመን አቃተኝ። ኩራት እያስቸኮለኝ ሰጠሁት። አየውና ለአክስቴ አቀበላት።

«ምነው አንቺ» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «በአንድ ዓይን? ወንድሜን ከነይሁዳ ጋር ታሰልፊው?»

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ባደግሁባት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በጎን የሚሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ይሁዳና ሰቃዮቹ፣ ሰይጣንም ናቸው። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ በልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አንድ ዓይን ያለውን ሳይ ከእናቴ ነጠላ ሥር እደበቅ ነበር። አሁን ከሌላ ጸሎት ቤት የመጣች ልጅ አባቷን እንደዚያ አድርጋ ሣለችው። ዘንግቼው ነው ብል ማን ያምነኛል?

«ጥሩ ነው» አለ አባቴ። ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ውስጥ ገባ። አግዳሚዋ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ወደ መቱ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንባዬ እየመጣ አስቸገረኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። አልሳቁም። «እንግዲህ ፊት ለፊቱን ተማሪያ» አሉኝ። መስታወት አስይዘው የራሴን ፊት ቅዳሜ በቅዳሜ አስሣሉኝ። ፊት ለፊት ከባድ ነው፤ አፍንጫ ወደ ሰው እየመጣ እንዴት በወረቀት ላይ ይቀመጣል? የሣልኳቸው ሴቶች ሁሉ አኩርፈዋል። ቢሆንም አፌን፣ የአፌን ጫፍ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ስርጉድ ተኝቼም የማልስት ሆንኩ።

ጎሬ ስደርስ ተንደርድሬ ተናገርኩት፤ ካልተንደረደርኩ አልናገረውም ነበር።

«አባባ፣ እንደገና ልሥልዎት። ፊት ለፊት ይቀመጡልኝ።»

ጋቢውን አሰባሰበ። ከዚያ ከአግዳሚዋ ተነስቶ ከውስጥ በርጩማ አወጣና ትይዩዬ ተቀመጠ። ካገባሁ ወዲህ እንደዚያ ተያይተን አናውቅም። መጀመሪያ ወረቀቱን ብቻ አየሁ። ቀጥሎ ጋሼ ያስለመዱኝ ነገር መጣና ማየት ጀመርኩ። ከቅንድቡ ፀጉሮች አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ረዝመው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ጥምጥሙ ግንባሩ ላይ ስስ መስመር ትቷል። ወደ አፉ ስወርድ እርሳሴ ቆመ። ያ በመስታወት ውስጥ ቅዳሜ በቅዳሜ ስታገለው የከረምኩት አፍ፣ ከነጫፉ፣ ከነስርጉዱ፣ ከጢሙ መሃል ተቀምጦ ያየኛል። ከእሱ ቤት ወጥቻለሁ ብዬ ስኖር፣ ለካ በየቀኑ በእሱ አፍ ነው የምናገረው።

ዓይኖቹን ለመጨረሻ አቆየኋቸው። በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት እርሳሱን ዘርግቼ ወደ ፊቱ ተጠጋሁ። በቀኝ ዓይኑ በኩል ሳስጠጋው ሽፋሽፍቱ ወዲያው ተርገበገበ። በግራ በኩል ጉንጩን ሊነካው እስኪደርስ አስጠጋሁት፤ ዝም። ብርሃን ገብቶበት ብሌኑ ውስጥ ግራጫ ጉም አየሁ። የዓይን ሞራ ነው። አባቴ በግራ ዓይኑ አያይም።

እጄ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ነገሩ አንድ በአንድ ገባኝ። በአግዳሚዋ ላይ ምንጊዜም ቀኝ ጎኑን ለእኔ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። በማዕድ ጊዜም ግራው ወደ ግድግዳ ነው። እኔ የሣልኩት እሱ ለሰው የሚያሳየውን ጎን ነበር።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ። አክስቴ ጓሮ ነበረች።

«ሥዕልሽን ሣይ» አለኝ።

«ሞራ እኮ ይነሳል። መቱ ሐኪም ቤት እኔው...»

«መጀመሪያ ሣይ።» ትንሽ ቆይቶ ራሱ ጀመረ። «የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ካወቁ በቃ ይረፉ ይሉኛል። መጽሐፉን ከነጠቁኝ ምን እሠራለሁ? ለአክስትሽም አልነገርኳት፤ ለጎረቤት ታለቅሳለች። እስከዛሬ ማንም አላየውም ነበር።»

ሣልኩ። ግራውን አድምቄ ማሳመር እችል ነበር፤ ጻድቃኑ እንደሚሣሉ፣ ሁለቱንም ጥቁርና ትልቅ አድርጌ። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ይህን አሰብኩ። አልሆነልኝም። ያየሁትን ካየሁ በኋላ የማውቀውን መሣል እንዴት እችላለሁ? ጉሙን እንዳለ አስቀመጥኩት። አባቴ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

አክስቴ እጇን በቀሚሷ እያበሰች መጣችና በትከሻው ላይ አጎንብሳ ተመለከተች።

«ተመስገን፣ አሁን ወንድሜን መሰለ። አፉማ ቁርጥ እሱን» አለች። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች። «ይሄ ግራ ዓይኑ ግን አልሆነልሽም። ደብዝዟል፣ የሞተ አስመሰልሽው። እስቲ አስተካክይው።»

አባቴን አላየሁትም። ካየሁት ፊቴ ይናገርብኛል። «ጀማሪ ነኝ እኮ፤ ዓይን ገና አልለመድኩም» አልኩና ላጲሱን አነሳሁ። ላጠፋው ወረቀቱ ላይ ሳሳርፈው የአባቴ እጅ መጥቶ እጄን ያዘው።

«ተዪው» አለኝ። ወደ እህቱ ሳይዞር ቀጠለ። «አልተሳሳተችም።»

አክስቴ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብላ ዞረችና ወንድሟን ፊት ለፊት አየችው።