ሳትቆፈር የቀረች እናት ሥር

ነቀምቴ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኝነት የገባሁ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት የላስቲክ ከረጢት በአፈር ስሞላ ዋልኩ። ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ከረጢቶቹን መደብ ላይ ደርድሬ በሥራዬ ረክቼ ቆምኩ።

ካቦአችን ኦቦ ዲንሳ መጡና አንዱን በሁለት ጣታቸው አነሡት። ወገቡ ላይ እጥፍ አለ።

«ያ ኢንተላ፣» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ይሄ ከረጢት ነው ወይስ ሰካራም? መቆም አቃተው እኮ!»

አብረውኝ የሚሞሉት ሴቶች ሳቁ። ኦቦ ዲንሳ የሞላሁትን ሁሉ አስገለበጡኝ።

ከጎኔ የዘር መደብ የሚኮተኩት ቀጭን ወጣት አንድ ከረጢት አነሣ። ግማሽ ድረስ ሞላው፤ መሬት ላይ ሁለቴ መታው። እስከ አፉ ሞላው፤ እንደገና ሁለቴ መታው። ከረጢቱ ቆመ። ስሙ ገመቹ ነበር። በኋላ ባሌ ሆነ። ካረፈ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ይህን የምጽፈው እየተውኩ እየተመለስኩ ነው።

ገመቹ ከቀን ሠራተኛነት ተነሥቶ የዘር ክፍል ኃላፊ ሆነ። የጣቢያው ዕቅድ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ቡና ነበር። እሱ ግን ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ አንጮቴ ይዘራል። አንጮቴ የወለጋ ጓሮ ተክል ነው፤ ሐረጉ ድጋፍ ይዞ ይወጣል፣ ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል። የገመቹ ዘር ኡኬ ካለው ከእናቱ ጓሮ የመጣ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ አይመርም።

የጣቢያው ሹም አንድ ቀን አገኙት።

«ገመቹ፣ ይሄ በዕቅድ ውስጥ የለም።»

«ዝናቡም በዕቅድ ውስጥ የለም ጌታዬ። ግን ይመጣል።»

ሹሙ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሄዱ። ለመስቀል ግን ባለቤታቸውን አንጮቴ እንዲወስዱ ባዶ ቅርጫት አስይዘው ላኩብን።

ሁለታችንም ከጣቢያው ስንወጣ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ የራሳችንን መደብ ከፈትን። ለየቤቱ ጓሮ የሚሆን ችግኝ እናፈላለን። አቮካዶ እኔ አዳቅላለሁ፤ ጌሾና ቡና ከዘር አወጣለሁ። ችግኝ ለገዢ ከመውጣቱ በፊት ጥላውን እቀንሳለሁ፣ ውሃውን አሳንሳለሁ፤ የገዢው ጓሮ ማንንም አያባብልምና ከእኛ ዘንድ ሳለ ይልመድ። ከእኔ መደብ ወጥቶ የደረቀ ችግኝ ብዙ የለም። ይህን የምለው በኩራት ነው።

ገዢ ሲመጣ ገመቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ የት እንደሆነ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። የማይሆነውን አይሸጥም። ሸምሱ የሚባል ከጉራጌ አገር መጥቶ ሲሬ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ አንድ ቀን የፖም ችግኝ ፈልጎ መጣ።

«ፖም ብርድ ይፈልጋል፣» አለው ገመቹ። «ሲሬ ላይ ቅጠል ነው የምትለቅመው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ገንዘብ ይዤ መጥቼ? ገዢ የሚያባርር ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ!»

«ነጋዴው አንተ ነህ። እኔ አትክልተኛ ነኝ።»

የአንጮቴ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ በነፃ ሰጠው። «ስትቆፍር አንዷን ተዋት፣» አለው። «እናት ሥር ትሆናለች። በየዓመቱ ዘር የምትሰጥህ እሷ ናት።»

ሸምሱ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና፣ «ፖም ጠይቄ ሐረግ!» እያለ ሄደ።

እኛም በጓሯችን ታችኛው መደብ እናት ሥሮች ነበሩን። በየክረምቱ ካሉበት ያቆጠቁጣሉ፣ ድጋፋቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ቀይ ፍሬ ይሰጣሉ። አሮጌ ዘር አናስቀምጥም ነበር። ያለንን በዝናቡ መግቢያ እንዘራለን፣ እንሰጣለን፤ እናት ሥሮቹ አሉ ብለን።

ገመቹ ያረፈው በመስከረም ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር፤ ዘሩ አልደረሰም። የዕድሩ ወጣቶች ድንኳን ለመትከል ሜዳ ፈለጉ፤ በግቢያችን ደልዳላው ቦታ ታችኛው መደብ ነው። ድጋፎቹን ነቅለው፣ ሐረጉን ጠቅልለው ጣሉና መሬቱን ቆፍረው አስተካከሉ። ያወጡትን ሥር ለለቀስተኛ እንዲቀቀል ለሴቶቹ አስረከቡ። ማንም ክፉ አላሰበም። ላብ በላብ ሆነው ነው የሠሩልኝ።

ድስቱን የጣደችው ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ናት። ሥሩ አልበስል ሲላት አንዱን አውጥታ በቢላ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቃጫ ሆኗል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ዘነቡ፣» አለችኝ፣ «እናቶቹን ነው የቀቀልኳቸው።»

ለቅሶው ላይ ሌላ ለቅሶ ሆነብኝ። ግን ለወጣቶቹ አልነገርኩም፤ ጫልቱንም ዝም አሰኘኋት። ድንኳን የተከለልህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ከአርባው በኋላ ኡኬ ሄድኩ። የገመቹ እናት ጓሮ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የወንድሙ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «አክስቴ፣ አንጮቴውን ከገበያ እንገዛለን እኮ፣» አለኝ። እኔም ከገበያ መግዛት እችል ነበር። ያ ግን የእሷ ዘር አይደለም። እሱን ቀበርኩት፤ ዘሩንም አብሬ የቀበርኩ መሰለኝ።

ለማን ለማን እንደሰጠን በየሌሊቱ ሳይሆን በየሥራው መሃል፣ ፍግ ስነፋ፣ ውሃ ሳጠጣ አስብ ነበር። አንድ ጠዋት ያ ፖም ፈላጊ ትዝ አለኝ። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ሲሬ ወረድኩ።

ሸምሱ ከሱቁ ወጥቶ እጄን ያዘ። ስለ ገመቹ አልሰማም ነበር። ማረፉን ስነግረው እጄን ሳይለቅ፣ «አላህ ያጥናዎት እትዬ ዘነቡ፣» አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«አንጮቴውን? ዘንድሮ ሙልጭ አድርገን በላነው።»

መልሼ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«የት ይሄዳሉ? እናቲቱን በላናት አልኩ እንዴ!»

ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በእንሰቱ መካከል፣ የጥድ አጥር ላይ፣ ሐረጉ ተንጠልጥሏል። ፍሬው ቀልቶ ቀልቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ከሥሩ ሦስት ድንጋይ ተደርድሯል።

«ሚስቴ ስንቴ ልታወጣት ተነሣች መሰለዎት! ድንጋይ አስቀመጥኩባት። ኦቦ ገመቹ መጠበቅ ሊያስተምረኝ ነበር፤ እኛ እኮ እንሰት ለዓመታት የምንጠብቅ ሰዎች ነን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፖሙንም ደብቄ ከሌላ ገዝቼ ተክዬ ነበር፣» አለኝ። «ቅጠል ብቻ ሆነ። እንዳይስቅብኝ አልነገርኩትም።»

ገመቹ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው።

ፍሬውን በጨርቅ ይዤ ተመለስኩ። ሰንጥቄ ዘሩን ጨመቅኩ፣ በአመድ አሸሁት፣ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። በዝናቡ መግቢያ ታችኛውን መደብ ከአዴ ጫልቱ ጋር ቆፈርን። ድንኳኑን የተከሉት ወጣቶች ድጋፍ ቆርጠው አመጡልን፤ ለምን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ። ዘሩን ዘራነው፤ በቀለ። በመስቀል ቆፈርን፤ ከየመስመሩ አንዷን ትተን ድንጋይ አስቀመጥንባት። የቀቀልነው በአንድ ፍላት በሰለ።

አሁን አንጮቴ ለሚወስድ ሁሉ ዘሩን የምሰጠው ከሦስት ድንጋይ ጋር ነው። አንዳንዱ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ድንጋዩን የት እንደሚያኖር አሳየዋለሁ።

በዚህ ሥራ ያረጀሁት ይህን ለማወቅ ነው፦ ዘር በአንድ ጓሮ ብቻ አይቀመጥም። የሚተርፈው የተሰጠው ነው።