ያልተመለሰ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ከገባ በቤታችን ተረት የሚጀመረው ገና ሳይመሽ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ሐምሌ ቀኑን ሙሉ ያጨልመዋል። ከብቱ ገብቶ፣ እርጥቡ ግንድ ምድጃው ውስጥ እየጨሰ ዓይናችንን ካስለቀሰን በኋላ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደርሶ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምራሉ። ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ግትር ሽማግሌ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ሰውን «ተው» ብለው ሲከለክሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ራሱ እንዲተወው ያደርጉታል እንጂ። በቤታችን ደግሞ ታላቅ ሰው ተረት ከጀመረ፣ «ተረቴን መልሱ» እስኪል ከተቀመጠበት የሚነሳ አልነበረም። መነሳት ነውር ነው።

ያን ዕለት የሚካኤል ማኅበር ከጋራው ማዶ ነበር፤ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ የሚያመጣው ተረኛ ደግሞ አባቴ ነው። ተረኛ ከቀረ ጽዋው ተረካቢ አጥቶ ያድራል፣ ያ ደግሞ በእኛ አገር ለልጅ የሚተርፍ ስድብ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጋራው ጥቁር ደመና ተከናነበ፣ ነጎድጓዱም የቤቱን ምሰሶ ያንቀጠቅጠው ጀመር። መንገዱ የሚያልፈው በጋራው አናት ነው፤ ዛፍ የለ፣ መጠለያ የለ። በፊተኛው ክረምት የጎረቤታችንን በሬዎች መብረቅ የጣላቸው እዚያው ላይ ነበር። እናቴ «የዛሬን ብቻ ቅር» ብላ ለመነችው። አባቴ አልሰማትም፤ ጋቢውን ደርቦ ዱላውን አነሳ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ አየው ነበር። ከሄደ የማይመለስ መሰለኝ።

አያ ደርሶ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና ማንንም ሳያዩ፣ «አንድ ሰው ነበረ፤ በቅሎ ነበረችው» አሉ።

አባቴ በሩ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ዱላውን እንደያዘ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰውዬው ሠርግ ተጠርቶ ሲሄድ፣ በቅሎዋ ጋራው ሥር ስትደርስ አልሄድም አለች። ቢመታት፣ ቢለምናት፣ ወይ ፍንክች። ያኔ አያ ደርሶ የበቅሎዋን ዘር ይቆጥሩ ጀመር፤ እናቷ የማን ባዝራ እንደነበረች፣ ስለ አባቷ ሲጠይቋት እንዴት ወሬ እንደምታስቀይር። እኛ ልጆች ሳቅን። አባቴ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይራል። ቀጥሎ ኮርቻው ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ መጣ፤ ከጅጋ ነው አሉ፣ ትንሽ ቆይተው የለም ከዱርቤቴ ነው አሉ፣ በዚሁ ከራሳቸው ጋር ረጅም ሙግት ገጠሙ። ዝናቡ ወረደ፣ መብረቁ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ፊታችንን ያበራው ጀመር፤ በቅሎዋ ግን ገና ጋራው ሥር ቆማለች። ሲጨልምና ማኅበርተኛው እንደተበተነ ሲገባቸው፣ «በሉ ራት አቅርቡ» አሉ። «ተረቴን መልሱ» አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው ከማዶ መጣ። ያንኑ ጋራ በዚያው ሰዓት እንዳለፈና ከመበስበስ በቀር ምንም እንዳልነካው ነገረን። አባቴ በታላቅ ወንድሙ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አዋረዱኝ እኮ፣ አያ። ምንም አልነበረም።»

«ይሁን» አሉ አያ ደርሶ። «ሳይመጣ ቀርቶ ያስቀየመኝ ሞት የለም።»

ይህን ብለው ከማኅበር የቀረ ሰው የሚቀጣውን ጧፍ ከሣጥናቸው አወጡና፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበታቸው ጋራውን ወጡት። ለማኅበርተኛው «እሱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው» ብለው፣ ከሰዓት በኋላ ጽዋውን በነጠላቸው ጠቅልለው ገቡ። አባቴ ውሃ አሙቆ እግራቸውን አጠባቸው።

ለብዙ ዘመን የበቅሎዋ ነገር ያብከነክነኝ ነበር፤ ጋራውን ወጣችው ወይስ ቀረች? አሁን አሁን ግን በልቤ የቀረው ተረቱ ሳይሆን ያ ጧፍ ነው። «አትሂድ» ማለትማ ቀላል ነው፤ ምንም ሳይሆን ሲቀር ሐፍረቱን መሸከም ነው የሚከብደው።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። በዚህ ሰኔ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ቅዳሜን ተራራ ካልወጣን ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ስንቃችንን ይዘን ሥሩ ስንደርስ ሰማዩ ከወደ ጅጋ ጠቆረ፣ ሩቅ ላይም አጉረመረመ። «ቲቸር፣ ትንሽ ደመና እኮ ናት» አለኝ አንዱ። «እዚህ ድረስ መጥተን፣ ፎቶ እንኳ ሳንነሳ?» አለች ሌላዋ። ሁሉም በዕድሜ ወደምበልጣቸው ወደ እኔ አዩ። ፈሪ መባሉ እንዳስጨነቀኝ አልደብቅም። እንደ አያ ደርሶ ተረት አልችልበትም፤ ስለዚህ «እኔ ፈርቻለሁ፤ ለጠየቃችሁ ሁሉ ‹ያስቀረችን ቲቸር ናት› በሉ» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። እያጉረመረሙ ተከተሉኝ።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከተማ ስንገባ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ነበር። ሰኞ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲስቁብኝ ዋሉ፤ አንዱ እንደ ነጎድጓድ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሌላዋ ጃንጥላ ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ሻዬን እያማሰልኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። ማንም አልጎደለም።