የጋሽ ግራም የጽድቅ ሳምንት

የሚዛን ተቆጣጣሪውን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ገበያው የሚያውቀው «ግራም» በሚለው ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ጀርባውን ሲሰጣቸው ደግሞ «ግራም መጣ! ግራም መጣ!» እየተባባሉ ከሚዛናቸው ሥር የለጠፉትን ነገር ሁሉ መንቀል ይጀምራሉ። እሱም ይሰማል። ደስ የሚለውም ይኸኛው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንቱ ነጋዴ ሲምልለት፣ ሲያለቅስለት፣ እግሩ ላይ ሲወድቅለት አንድም ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቀይ ጨርቅ በተለበጠች የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ የናስ ክብደቶች አሉት። አንዱን አንስቶ የነጋዴው ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ጎንበስ ይላል፤ ግራ ዓይኑን ይጨፍንና በቀኙ ጠቋሚውን ያያል። ጠቋሚው ቀጭኑ መስመር ላይ ካረፈ የእርሳስ ማኅተም ይመታበታል። ካላረፈ ሚዛኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ይዞት ይሄዳል፣ ሱቁም ይዘጋል። መቼ እንደሚመጣ ግን ለማንም ትንፍሽ አይልም። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ «ስማ፣ ቀኑን ያወቀ ነጋዴ ሁሉ ጻድቅ ነው። እኔ የምፈልገው ቀኑን ሳያውቅ ነው።»

ይህ ሰው ስኳር አለበት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ፣ ምስኪን፣ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ቀኑንም በካርዱ ላይ ወፍራም አድርጎ ይጽፍለታል። ቀኑን ያወቀ ሰው ምን እንደሚሆን እንግዲህ ራሱ ጋሽ ግራም ነግሮናል።

ቀጠሮው ሰባት ቀን ሲቀረው ጽድቅ ይጀመራል። ሦስት ወር ሙሉ ከሬዲዮው ጀርባ ተኝቶ የከረመው ክኒን ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ሻይ ያለ ስኳር ይፈላል። ዳቦ ይነሣና ቅጠላ ቅጠል ይቀርባል። በግቢው ዙሪያ ጠዋትና ማታ እጁን እያወናጨፈ ይራመዳል፤ ጎረቤት እንዲያየውም ጮክ ብሎ ይተነፍሳል። በሌላው ጊዜ ዓይኑን ሊያየው የማይፈልገውን የስኳር መለኪያ በዚህ ሳምንት ከመሳቢያ አውጥቶ በየቀኑ ጣቱን ይወጋል፣ ያማረውንም ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቁጥር አያምርም፣ ስለዚህ አይጻፍም።

በቀጠሮው ቀን በባዶ ሆዱ ይሄዳል። ነርሷ ጣቱን ትወጋለች፤ መቶ ሃያ አራት። «ጎበዝ አባባ! ሁሉም እንደ እርስዎ በሆነ!» ትለዋለች። አባባም አንገቱን ደፍቶ እንደ ትሑት ሰው ፈገግ ይላል። ከዚያ ከክሊኒኩ በር ወጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው ኬክ ቤት ይገባል። አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ አትለውም። ሁለት ክሬም ኬክና ሥሩ ላይ ስኳር የተኛበት ሻይ አምጥታ ታስቀምጥለታለች። ክኒኑም ወደ ሬዲዮው ጀርባ ተመልሶ ዕረፍቱን ይቀጥላል።

በቢሮ ደግሞ ያቺን ደብተር አውጥቶ ስብከት ይሰጥባታል። «ይኸው! ስኳር ስኳር እያሉ ሰው የሚያሸብሩት በከንቱ ነው።» የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በዚሁ በሽታ የእግሩ ጣት የተቆረጠ ጊዜ ጋሽ ግራም ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ «ራስህን ስላልጠበቅህ ነው» አለው። ይህን ሲል ኪሱ ውስጥ ብስኩት ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ማሽኗን ዘርግታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። የጣቶቿን ጫፍ የመርፌ ብዛት ስላደነደነው ባሏ በጽድቅ ሳምንቱ ጣቱን ሊወጋ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያቃስት ስታይ ሳቋ ይመጣል። «ጣትህ ምንድን ነው? ወርቅ ነው?» ትለዋለች። ከዚህ ሌላ ብዙም አትናገርም ነበር። ጋሽ ግራምም ዝምታዋን እምነት መስሎት ኖረ።

ነገሩ የተበላሸው ጠቋሚው ላይ ነው። መጀመሪያ ቀጭኑ መስመር ጠጉር አበቀለበት። ጋሽ ግራም ብርሃኑን ወቀሰ። ቀጥሎ መነጽሩን ወቀሰና ሌላ ገዛ፤ ያንንም ወቀሰና ሦስተኛ ገዛ። ከዚያ «ዘንድሮ ሚዛናቸውን አያጥቡም፣ አሳማ ሁሉ!» እያለ ነጋዴውን ይሳደብ ጀመር። ዓይኑን ብቻ አልጠረጠረም።

ገበያው ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አለች፤ ባለ ሽንኩርቷ ነው የሚሏት። መዝና ከጨረሰች በኋላ አንዲት ትንሽ ሽንኩርት ጣል ታደርጋለች፣ ለማንም። ጋሽ ግራም ይህን ልማዷን አይወደውም። «ጭማሪ የሚባል ነገር መመሪያው ውስጥ የለም» ይላታል። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ሳይታሰብ ዱብ አለባት። ናሱን አስቀመጠ፣ ጎንበስ አለ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። መስመሩ ላይ አንድ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ይዋኛል፤ ከክሩ ወዲያ ማዶ ጠቋሚው ዝቅ ብሎ ታየው።

«አርባ ግራም!» አለ ቀና ብሎ። «ከአንቺ አልጠብቅም ነበር።»

«ጋሼ፣ በደንብ ይዩት እንጂ» አለችው።

«እኔን? እኔን ነው በደንብ እይ የምትዪኝ?»

«ሚዛኔ ልክ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሚዛኗን ብብቱ ሥር ከተተው። ግማሹ ገበያ ቆሞ አየ፤ ሌላው ግማሽ ምሳ ሳይደርስ ሰማ። ሽንኩርት ሊገዙ የመጡትም «ለካ እንዲህ ነሽ!» እያሉ አለፏት። ሴትዮዋ ግን አላለቀሰችም። በነጋታው ቢሮው ድረስ መጣች፣ አለቃውን አስጠራችና «በሰው ፊት ይመዘንልኝ» አለች።

ተመዘነ። አለቃው ራሱ ናሱን አስቀመጠ፤ ሰባት ሰው ከበበ። ጠቋሚው ተነቃነቀና መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ግራም ሰውን ገፋ ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቁሩ ክር እየዋኘ ነው። አሁን ቀኙን ጨፍኖ በግራው አየ። ጠቋሚው መስመሩ ላይ ነው። በቀኙ ደግሞ አየ፤ የለም። ባለ ሽንኩርቷ ሚዛኗን አንሥታ ሄደች።

አለቃው የናሱን ሳጥን ከእጁ ተቀብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። «ጋሼ፣ ዓይንህን ታየው» አለው። «የዓይን ሐኪም ‹ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ ይሠራል› ብሎ ወረቀት ካልጻፈልህ ገበያ አትወጣም። እኔም የስንቱን ንጹሕ ሰው ሱቅ እንደዘጋህ መዝገብ ላገላብጥ ነው።»

«ከሳምንት በኋላ ብሄድስ?»

«ዛሬ ነው የምትሄደው።»

ወደ ዓይን ሐኪም የሚልከው ደግሞ ያው የስኳር ክሊኒኩ ነው፤ ደሙን ሳይለካ አይልክም። ዛሬ! ክኒን ያልተዋጠበት፣ ቅጠል ያልተበላበት፣ ትናንት ሁለት ኬክ የገባበት ዛሬ! ጋሽ ግራም ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ላይ ያደረገው ሁሉ በራሱ ላይ መጣበት። ደግነቱ ቁርስ አልበላም ነበርና እሱኑ ተስፋ አድርጎ፣ ደብተሩንም ብብቱ ሥር ይዞ ክሊኒክ ገባ። አዲስ የመጣች ወጣት ሐኪም ከክንዱ ደም አስቀዳች።

«ምግብ አልቀመስኩም» አላት ፈጠን ብሎ።

«ለዚህኛው ቢበሉም ግድ የለም፣ አባባ። ይሄ የዛሬን ብቻ አይደለም የሚነግረን። ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት በአማካይ እንዴት እንደነበሩ ነው።»

ውጤቱ መጣ፤ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት በመቶ። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ሰባት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ነገረችው። ጋሽ ግራም ሽንጡን ገትሮ ተነሣ። «ማሽኑ ማኅተም አለው? ማነው የሚቆጣጠረው?»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና እንሰጠዋለን። ያንን በትክክል ካልነገረን የማንንም ደም አንሰጠውም።»

ይህችን ቋንቋ ያውቃታል። የራሱ የናስ ሳጥን ናት። ሌላ መውጫ ሲያጣ ደብተሩን ዘርግቶ ሰጣት። ገለጠች። አምስት ቀን ቁጥር፣ ከዚያ ሦስት ወር ባዶ፤ እንደገና አምስት ቀን፣ እንደገና ባዶ። ጣቷን ባዶው ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«አባባ፣ የቀሩት ቀናት የት አሉ?»

እጅ ከፍንጅ ተያዘ። እሱ ራሱ ስንቱን ነጋዴ በዚህ ዓይነት ጥያቄ መግቢያ አሳጥቶታል!

የዓይን ሐኪሙ በዚያው ሳምንት አየው። ክሩ ደም ነው አለው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ በዓይንም ሆነ በኩላሊት አያምም፣ አይጮህም፣ ሰውየው የሚያውቀው ሥሩ ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። የእግር ነርቭንም እንደዚሁ ያደነዝዛል። ቀኙን በሌዘር ያክመዋል፤ ነገር ግን «የጠፋውን እመልስልሃለሁ አልልም» አለው ሐኪሙ። «ግራው ገና ጅምር ላይ ነው። ስኳርህንና ደም ግፊትህን ልክ ካደረግህ፣ እዚህም በየጊዜው ከመጣህ፣ ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«ለስንት ቀን ነው ልክ የማደርገው?»

«ለሁልጊዜ።»

ጋሽ ግራም ፈራ። ጨዋታ የለውም፣ ፈራ። ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ የስፌት ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠና ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ደብተሩ፣ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ኬክ ቤቱ።

ማሽኗን አቆመች። «ኬኩንማ አውቃለሁ። ኮትህን የምጠግነው እኔ አይደለሁም? ኪስህን ባራገፍኩ ቁጥር ፍርፋሪ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ስጮህ አልነበር? ደብተር እያመጣህ አፌን አዘጋኸኝ። ከዚያ ደከመኝ። ግን መነጽር በገዛህ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር።»

ጋሽ ግራም ተነሥቶ የስኳር መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠው። «እኔ አልችልም፤ ራሴን እሸውዳለሁ» አላት። «አንቺ ያዢው። ቀኑን ግን አትንገሪኝ። ሳላስብ ነይብኝ።»

ሰውየው የተናገረውን አላወቀም። ሚስቱ ግራምን ራሱን የምታስንቅ ተቆጣጣሪ ሆና ተገኘች። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ሳሙና በሳሙና ሆኖ ሳለ መጣችበት። ቢሮ፣ አለቃው ፊት መጣችበት። የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሆነ። «አሁን ገና ከምሳ ተነሥቼ ነው!» ብሎ ሊከራከር ሲል «ትጽፋለህ ወይስ ልጻፍ?» አለችው። ተጻፈ። ደብተሩ ላይ ያላማሩ ቁጥሮች ሲሰፍሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱን አስተካከለችለት፤ ክኒኑ ከሬዲዮው ጀርባ ወጥቶ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ተቀመጠ። ለኬክ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሁለቱም ጊዜ ደብተሩ መስክሮበታል። ሌላው የሦስት ወር ውጤት ዘጠኝ ነጥብ አንድ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰባት ነጥብ ስምንት፣ ከዚያ ሰባት ነጥብ አንድ።

የቀኝ ዓይኑ መሐል ላይ ጥቁሩ ነገር አልሄደም፤ አይሄድምም። ግራው ተረፈ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጻፈለት፣ አለቃውም እያመነታ ሳጥኑን መለሰለት።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ባለ ሽንኩርቷ ነው። ናሱን አስቀመጠ፣ ጎንበስ አለ፣ በዚህኛው ቀን የጨፈነው ቀኙን ነው። ጠቋሚው መስመሩ ላይ ቆሟል። ማኅተሙን መታና ቀና አለ።

«ያን ቀንም ልክ ነበር» አላት፣ ጎረቤት ነጋዴዎች እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

መልስ ሳትሰጠው አንድ እጅ ትከሻውን መታ አደረገው። ሚስቱ ናት፤ መለኪያውን ይዛ።

«እዚህ? በገበያ መሐል?»

«ጣት!» አለች።

ሰጠ። ገበያው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ከበበ፤ ሚዛን የተነጠቀው፣ ያለቀሰው፣ እግሩ ላይ የወደቀው ሁሉ። ሚስቱ መለኪያውን ለባለ ሽንኩርቷ ዘረጋችላት። «አንቺ አንብቢው፤ ምስክር ይሁነን።»

ባለ ሽንኩርቷ እጇን በልብሷ ጠርጋ ተቀበለች። ጎንበስ አለች። ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ቁጥሩ ወጥቷል፤ ሴትዮዋ ግን ቸኩላ አልተናገረችም። ጋሽ ግራም አንገቱን አስግጎ ከንፈሯን ያያል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ ይጠብቀው እንደነበር አንድ ቀንም አስቦት አያውቅም።

«ስንት ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ቆይ ጋሼ» አለችው፣ ከመለኪያው ዓይኗን ሳታነሣ። «በደንብ ልየው።»